በቀን አርባ ጊዜ

ወይንሸት ካርቱም ስትገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን ስማቸው ከሚፈለጉ ሰዎች ጋር መነሣቱን ሲሰሙ ሚስታቸውንና አንድ ልጃቸውን ይዘው በመተማ በኩል ተሻገሩ፤ ገዳሪፍ ጥቂት ወራት ቆዩና ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። «እስኪያልፍ ነው» ብለው የገቡበት ቤት ውስጥ አባትም እናትም አርጅተው ሞቱ። ወይንሸት በዓረብኛ ተምራ፣ በዓረብኛ ተጫውታ አደገች። አማርኛው የቤት ቋንቋዋ ነው፤ ስትናገረው ያምርባታል፣ ስትጽፈው ግን ፊደል ይምታታባታል።

ሥራዋም ከዚሁ የመጣ ነው። ከአገር ቤት የመጡ ሴቶች፣ ሰው ቤት የሚሠሩትም በየጥጉ ሻይ የሚሸጡትም፣ ሲታመሙ ለወይንሸት ይደውላሉ። እሷም አብራቸው ሐኪም ፊት ቁጭ ትላለች። ሐኪሙ «ምን ይሰማታል?» ይላል። ሴትየዋ «ይጠዘጥዘኛል» ትላለች። ያንን ዓረብኛ ለማድረግ ወይንሸት አንዳንዴ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለች፤ ሐኪሙ እስኪገባው ድረስ አትለቅም። ሃያ ዓመት የሰው ሕመም ስትናገር ኖራለች።

የራሷ ሕመም የጀመራት ከካርቱሙ ጦርነት ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ ቡሪ በምትመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ቀኝ ጉንጯን ነካት፤ ያኔ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተለቀቀባት መሰላት። ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ጊዜው አምስት ሰከንድ አይሞላም፤ እጇን ከፊቷ ስታነሣ ሁሉ ነገር እንደነበረ ነው። አጠገቧ የነበሩት ሴት «ማለሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ጥርስ ነው» አሏት።

እሷም ጥርስ መሰላት። እዚያው ገበያ ውስጥ አንድ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ሄደች፤ መንጋጋዋን አየና ነቀለ። ሕመሙ ከሳምንት በኋላ ባሰ። ሁለተኛውን ነቀለ። ሦስተኛውን ሲነቅል ጥርሱን በብርሃን አገላብጣ አየችው፤ ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም። ያን ቀን እቤቷ እስክትደርስ አለቀሰች፤ ማልቀሱም ራሱ ነዘራት።

ባሏ ሳምሶን የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ካርቱሞች ሙከይፍ የሚሉትን፣ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ ማራገቢያ ከፍቶ ይሠራል። ዝምተኛ፣ እጀ ወርቅ ሰው ነው። ሚስቱ ስትታመም የሚያውቀውን አደረገላት፦ ከሥራ ቦታ ያገኘውን አሮጌ ሙከይፍ አድሶ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ገጠመላት። «ሙቀቱ ነው የሚያደክምሽ ወይኒ፤ ቅዝቃዜ ላይ ተኚ» አላት።

በየሐኪሙ ዞረች። አንዱ ሳይነስ ነው አለ፤ አንዱ ቫይታሚን አዘዘ። አንዱ ደግሞ በእርጋታ መነጽሩን አውልቆ «ልጆች አሉሽ?» አላት። የሉኝም አለች። «ባልሽ ጥሩ ነው?» ጥሩ ነው። «እንግዲህ ይሄ ነፍሲያ ነው» አለ፤ የመንፈስ ጭንቀት ነው ማለቱ ነው። ለስንቷ ሴት ይህንኑ ቃል ከዓረብኛ ወደ አማርኛ መልሳ እንደነገረች ያን ጊዜ ታወሳትና አፈረች።

የስልኩን ነገር ያመጣችው ጓደኛዋ ማህሌት ናት። ማህሌት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነች፤ እሷም ራስ ምታት ስላለባት ሕመም የሚመዘገብበት መተግበሪያ ትጠቀማለች።

«ስሚኝ ወይንዬ» አለቻት፣ «ሐኪም ለእንባ ግድ የለውም፤ ቁጥር ግን ያምናል። ጫኝውና መዝግቢ። ከዜሮ እስከ አሥር ነው።»

መተግበሪያው በዓረብኛ ይሠራል። በቀን ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ከሚያለቅስ ፊት እስከሚስቅ ፊት ደርድሮ «ዛሬ ሕመምዎ እንዴት ነው?» ይላል። ወይንሸት አንድም ቀን አላለፈችውም። ሥራ ቦታ ቢሆን ይቅርታ ጠይቃ ትወጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ነጠላዋን ተከናንባ ትነካለች። የምግብ፣ የእንቅልፍ፣ የወር አበባ፣ የአየሩም ጥያቄ አለው። ሁሉንም ትሞላለች። በሦስተኛው ወር ሳምሶን መታገሥ አቃተው።

«ይሄ ስልክ ነው የሚያሳምምሽ» አላት። «ሰው ቁስሉን እየነካካ ይድናል እንዴ? ሲጮህ እኮ ገና ሳያምሽ ፊትሽ ይጨማደዳል።»

«ሳሚ» አለች፣ አፏን በግማሽ ከፍታ። «አሁን እንዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳምሶን መሣሪያውን ይዞ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃት መቼ እንደሆነ እሱም አላስታወሰም፤ የሚጠይቃት ነገር ስላላወቀ መጠየቁን ትቶት ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ስመ ጥር ስፔሻሊስት ዘንድ ተራ አገኘች። ስልኩን ከፍታ መስመሩን አሳየችው። ሐኪሙ ስልኩን እንኳ አልተቀበላትም፤ ከሩቅ በዓይኑ ገረፍ አደረገው።

«በአማካይ ሦስት ነው የሚለው» አለ። «ሦስት ጥሩ ነው። እኔ ራሴ ወገቤን አራት ያመኛል።» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ወይንሸት መንገድ ላይ ቆማ ስልኳን አየች። ልክ ነው፤ ሦስት ይላል። የእሷ ሕመም ሲመጣ አሥር ነው፤ ግን የሚቆየው ሰከንዶች ነው። በመሀል ባዶ ነው፤ መፍራት ብቻ ነው ያለው። መተግበሪያው ሲጮህ በባዶው ሰዓት ላይ ካገኛት አንድ ወይም ሁለት ብላ በሐቀኝነት ትሞላለች። እሱም ደምሮ አካፍሎ ሦስት አላት። አራት ወር ሙሉ በገዛ እጇ በራሷ ላይ የሐሰት ምስክር ስትሰበስብ ከርማለች። እቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሌላ ነገር ጀመረች። ፊቶቹንና ቁጥሩን ተወችው። ከመተግበሪያው ሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጥቃቱ በመጣ ቁጥር ሰዓቱንና ያን ጊዜ ታደርግ የነበረውን መጻፍ ያዘች። ፊቷን ስትታጠብ። ስታኝክ። ስታስተረጉም። ዝም ብላ ተቀምጣ። ማታ ስትቆጥራቸው ሠላሳ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ አርባ ይሆናሉ።

ሦስት ወር እንዲህ መዘገበች። ታትሞ ለሐኪም የሚሰጥ ወረቀት ለማውጣት ስትነካው ግን መተግበሪያው በባንክ ካርድ ክፈሉ አላት። ሱዳን ውስጥ ሆኖ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ከየት ይገኛል? ማህሌትም የላት፤ ሳምሶን የሚሠራላቸው ነጋዴዎችም የላቸውም። የራሷ ሕመም ተቆልፎባት ቀረ። መጨረሻ ላይ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛች፤ ከስልኩ እያየች በእርሳስ መገልበጥ ጀመረች። ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያት። ቦታ እንዲበቃት ለምክንያቱ አንዳንድ ፊደል ሰጠችው፦ ለነፋስ ነ፣ ለምግብ ም፣ ለንግግር ን፣ መብራት ለጠፋበት ቀን መ።

እየገለበጠች ሳለ ነው የታያት። «መ» ባለባቸው ቀኖች ቁጥሩ ይወርዳል። አርባ የነበረው አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ምን ይለወጣል? ቀና ብላ አየች። ሳምሶን የገጠመላት ሙከይፍ ፊቷ ላይ እየነፈሰ ነው።

እንዴት እንደምትነግረው ስታስብ ዋለች። ሲመጣ «መ መብራት የጠፋበት ቀን ነው» ብላ ደብተሩን ሰጠችው። እሱ ቆሞ አነበበ፤ ገጹን መለሰና እንደገና አነበበ። ከዚያ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ወጥቶ ሙከይፉን ፈታው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

«ዓመት ሙሉ» አለ፣ «እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አንተ አይደለህም፤ ነፋሱ ነው» አለችው።

ማህሌት ደብተሩን ስታይ ቀጥታ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ወሰደቻት። ዶክቶራ ሙኒያ ወጣት ናት፤ ትምህርቷን ከጨረሰች ብዙም አልቆየች። ደብተሩን ተቀበለች፤ ፊደሎቹን ወይንሸት አንድ ጊዜ ስታስረዳት ያዘቻቸው፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ገጽ በገጽ ስትገልጥ ቆየች። ወይንሸት ለሌሎች ስታስተረጉም በኖረችባቸው ዓመታት እንዲህ የቆየ ሐኪም አይታ አታውቅም። ዶክቶራዋ ትንሽ ጥጥ ቆርጣ ግራ ጉንጯን ነካቻት፤ ደህና። ቀኙን ስትነካት ወይንሸት ነዝሯት ከወንበሩ ብድግ አለች።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ እህቴ» አለች ዶክቶራ ሙኒያ። «ጥርስሽ ጤነኛ ነበር። ነፍሲያም አይደለም። ስሜትን ከፊት ወደ አንጎል የሚወስድ ነርቭ አለ፤ እሱ ነው የታመመው። ስም ያለው በሽታ ነው።»

ወይንሸት ስም አለው የሚለውን ስትሰማ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እየነዘራትም አላቆመችም።

መድኃኒቱ ካርባማዘፒን ይባላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ክኒን ነው፤ ለዚህም ይሠራል። በትንሹ ጀምራ ቀስ በቀስ ጨመረች። ሙከይፉ ሲነሣ አሥራ አምስት ደርሶ የነበረው ዘጠኝ ሆነ፤ ዘጠኙ ሦስት። አንድ ማክሰኞ ማታ ደብተሯን ከፍታ የምትጽፈው አጣች። በዚያ ሳምንት ሥጋ በቀኝ በኩል አኘከች፤ ሳምሶን ጉንጯን ሳማት፤ ለአንዲት የወሎ ልጅ ከጧት እስከ ቀትር አስተረጎመችላት። ዶክቶራዋም «ክኒኑ ለዘላለም አይደለም፤ ነርቩን የሚጫነው ነገር ካለ ቀዶ ጥገና አለው። ከበዓላችሁ በኋላ የጭንቅላት ፎቶ እናነሣሻለን፣ ኢንሻላህ» አለቻት። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ማክሰኞ ነበር።

ጦርነቱ የፈነዳው በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጧት ነው። ቡሪ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያው ቀን መስኮቶቹ ረገፉ፤ በሁለተኛው ውሃ ጠፋ፤ መብራትም ሄዶ አልተመለሰም። አውሮፕላኑ ሲያልፍ አልጋ ሥር ይገባሉ። ወይንሸት አልጋ ሥር ሆና ክኒኖቿን ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት ቀርተዋል። በቀን ሦስት ነው የምትወስደው፤ ከአሥራ አንድ ቀን በላይ አይሄድም። ዶክቶራ ሙኒያ «በድንገት እንዳታቆሚ» ብላታለች፤ ስልኳ ግን አይሠራም፤ ኔትወርኩ ሞቷል። መተግበሪያውም ያለ ኔትወርክ አልከፈትም አለ።

ደብተሩ ግን አለ። ወደ ኋላ ገልጣ አነበበች። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው የሚበረታው፤ ከሰዓት ይላላል። ስለዚህ የቀትሩን ክኒን አስቀረች፤ ቀጥሎ የማታውን በግማሽ ቆረጠች፤ የጧቱን መጨረሻ ላይ ብቻ ነካችው። እንዲህ አድርጋ አሥራ አንዱን ቀን ሃያ ሦስት አደረገችው። ሦስት ጊዜ ሳምሶን በግድግዳ ሥር እየተጠጋ መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። የመጀመሪያው ፋርማሲ ተዘርፏል፤ ሁለተኛው ተቃጥሏል። ሦስተኛው ደጃፍ ላይ የተጋደመ ሰው አይቶ ተመለሰ፤ ለወይንሸት ዝግ ነው ብሎ ነገራት።

ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ቂም እንደያዘ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ውሃ ስትጎነጭ፣ ምራቋን ስትውጥ፣ ፍንዳታው አየሩን ሲገፋው። እርሳሱን መያዝ አቃታት። ሳምሶን ደብተሩን ከእጇ ወሰደ።

«አንቺ ጣትሽን ብቻ አንሺልኝ» አላት። «እኔ እጽፋለሁ።»

ጣቷን ስታነሣ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል። ስልሳ ሁለት። ሰባ። አንድ ቀን ዘጠና አራት ሲጽፍ እርሳሱን አስቀምጦ ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሀል ቀበረ። ከስኳር ውሃ ሌላ የምትቀምሰው የላትም፤ እሱንም ሳምሶን በጨርቅ ጫፍ እየነከረ በግራ በኩል ያጠጣት ነበር። አንድ ቀን በደብተሩ ጀርባ ላይ በተጣመመ ፊደል «ሳሚ በቃኝ» ብላ ጻፈችለት። ሳምሶን አነበበውና ቢላዋውን ከቤት አውጥቶ ደበቀ። በማግሥቱ እንሂድ አለ።

ወደ ማዳኒ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘ። ወይንሸት ፊቷን በነጠላ ጠምጥማ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ከከተማው በስተደቡብ በኩል ታጣቂዎች መኪናውን አስቆሙት። ሁሉንም አወረዱ፤ ሻንጣ በረበሩ። አንዱ ከሳምሶን ቦርሳ ደብተሩን አወጣና ገልጦ ለአለቃው ሰጠው።

አለቃው ረጅም ሰው ነው። ቀስ ብሎ ቁጥሮቹን አነበበ። «ይሄ የምን ፊደል ነው? ይሄ ሁሉ ሰዓት ምንድነው? አሥራ ሁለት ከአሥር። አሥራ ሁለት ከሃያ። ስለ ምን ነው የምትመዘግቡት? መድፍ የሚወድቅበትን ነው?»

ሳምሶን «መረድ፣ መረድ» አለ፤ በሽታ ማለቱ ነው። የገበያ ዓረብኛው ከዚያ አላለፈም። በሰደፍ ትከሻው ላይ መቱት፤ ወደቀ። ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ወይንሸት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። አሥራ ዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር።

«የኔ ነው» አለች፤ ቃሉ ሳያልቅ ነዘራት። ጠበቀችና ቀጠለች። «ሕመም ነው። ሲመጣብኝ... ሰዓቱን... ለሐኪም...» በየቃሉ መሀል ፊቷ በአንድ በኩል ይሰበሰባል፤ ዓይኗ ይጨፈናል፤ እንባዋና ምራቋ ይወርዳል። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ የተሰባበረ ዓረብኛ አውጥታ አታውቅም። ለሌላ ሰው ብታስተረጉም ኖሮ ባፈረችበት ነበር። ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያመለከተች አስረዳች፤ ነ ነፋስ፣ ም ምግብ፣ ን ንግግር። ንግግር የሚለውን እንደጨረሰች ሳምሶን አጠገብ ቁጭ አለች።

ሰውየው ትንሽ አያት። ይመናት አይመናት አይታወቅም። ኋላ የተሰለፈው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ደብተሩን ለጓደኛው ወረወረለት፤ ስልኳንም ጨምረው ወሰዱ።

«ያላ፣ ተነሱ፣ ሂዱ» አለ።

ማዳኒ ያከማት ሐኪም ደክሞት ነበር፤ ሰልፉ ከግቢው ውጭ ይደርሳል። «መቼ ጀመረሽ? ስንት ነበር የምትወስጂው? ወረቀት አለሽ?» አላት። ወረቀት የለኝም አለች። እሱም ገና ዛሬ እንደጀመራት ሰው ከትንሹ ጀመረላት። ያ ትንሹ አልበቃትም፤ እሱም ከሳምንታት በኋላ አለቀ። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ማዳኒ ሲመጣ እንደገና ተነሥተው ገዳሪፍ ገቡ። ማህሌትን አልፎ አልፎ በሰው ስልክ ታገኛታለች፤ ካይሮ ናት። ዶክቶራ ሙኒያ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አላገኙም።

አሁን ገዳሪፍ ገበያ ዳር አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ሳምሶን ግራ ትከሻው ወደ ላይ አይነሣለትም፤ የሙከይፍ ሥራ ትቶ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ወይንሸት ክኒን ስታገኝ ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ የሚመጣው በጭነት መኪና ነው፤ መንገድ ሲዘጋ አይመጣም። ክኒን ባለ ጊዜ ጧት ጧት አንድ ሰዓት ያህል ታስተረጉማለች፤ ክኒን ሲጠፋ ሰው ወደ በሯ ቢመጣ ሳምሶን በእጁ ይመልሰዋል። መመዝገቡን ትታዋለች። ሌላ ደብተር ግዢ ሲላት ራሷን ነቀነቀች፤ ያንን ሁሉ ዳግመኛ ከአንድ ለመጀመር አቅሙ የላትም።

ባለፈው ሐሙስ ፋርማሲው በር ላይ ከጧት ጀምሮ ተቀምጣ ነበር። ባለ ፋርማሲው ሙባረክ የሚባል ደግ ሽማግሌ ነው። በተራዋ ስትገባ አንድ ቅጠል ክኒን ግማሹን ቆርጦ ሰጣት፤ አምስት ፍሬ።

«ሌላውን ለሚጥለው ልጅ ነው ያስቀመጥኩት» አላት። «ማለሽ እህቴ። የሚቀጥለው ሳምንት፣ ኢንሻላህ።»

ወይንሸት አምስቱን በመሐረቧ ቋጠረች። ላመስግነው አለችና ነፋስ መንገዱ ላይ አቧራ ሲያስነሣ አየች፤ አፏን ዘግታ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አንገቷን ብቻ ዝቅ አድርጋለት በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ ቤቷ ሄደች።